የ9ኛ ክፍል ግሪክና ሮም፦ ስም ማስጠናቱን ቀንሰን ብናስከራክርስ?

ጠመኔ (ክሩን የከፈተው)

ጤና ይስጥልኝ። 9ኛ ክፍል ታሪክ የምታስተምሩም፣ የተማራችሁም ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ ነው የምጽፈው።

የጥንቱን ዓለም ሥልጣኔዎች ምዕራፍ ስንጀምር፣ ግብፅ ላይ ክፍሉ ንቁ ነው። ዓባይ አለ፣ ፒራሚድ አለ። ግሪክ ስንገባ ግን ደብተሩ በስም ይሞላል፦ ድራኮ፣ ሶሎን፣ ክሌይስተኒስ፣ ፔሪክልስ። ሮም ሲመጣ ደግሞ ቆንስል፣ ሴኔት፣ ትሪቡን፣ ፓትሪሺያን፣ ፕሌቢያን። ልጆቹ ይሸመድዱታል። "ሶሎን ማነው?" ስትሉ እጅ በእጅ ላይ ይወጣል። "በ594 ቅ.ል.ክ. ዕዳ ሲሰርዝ ማን ደስ አለው? ማንስ ተናደደ?" ስትሉ ጸጥ። ጥያቄው ከብዷቸው አይደለም። በዕዳ የተነሣ ባሪያ የሆነ ገበሬ እንደነበረ፣ ሶሎንም ያንን ገበሬ ነፃ እንዳወጣ አልነገርናቸውም፤ የነገርናቸው ስሙን ነው።

የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ግሪክና ሮም ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚጠቅሙት ክርክራቸው ተጽፎ ስለቆየልን ነው። አንዱ ወገን ምን አለ፣ ሌላው ምን ብሎ መለሰ፣ ከዚያ ምን ተወሰነ፣ ውሳኔው ማንን ገደለ፣ ማንን አዳነ፤ ይሄ ሁሉ አለ። ይህን ትቶ የስም ዝርዝር ማስያዝ ሀብቱን መሬት ላይ መጣል ነው።

ከግሪክ የምመርጠው የሚቲሊኒን ጉዳይ ነው። አቴንስና ስፓርታ ከ431 እስከ 404 ቅ.ል.ክ. ሲዋጉ፣ ሌስቦስ ደሴት ላይ ያለችው ሚቲሊኒ በ428 አቴንስን ከዳች። በዓመቱ ተከባ እጇን ሰጠች። የአቴንስ የሕዝብ ጉባኤ ተቆጥቶ ነበርና ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሁሉ ይገደል፣ ሴትና ልጅ ለባርነት ይሸጥ ብሎ ወሰነ። ትእዛዙን የያዘች መርከብም ወዲያው ተላከች። ሲነጋ ሰዉ ተጸጸተ። ጥፋተኛውንም ንጹሑንም አብሮ መፍጀት ከበደው፤ ጉባኤው እንደገና ተጠራ።

ክሌዎን የሚባል ፖለቲከኛ ተነሥቶ "የትናንቱን ዛሬ የምታፈርሱ ከሆነ ግዛት መግዛት አትችሉም፤ እነዚህን ብትምሩ ነገ ሁሉም ይከዳችኋል" የሚል ንግግር አደረገ። ቀጥሎ ዲዮዶቶስ ተነሣ፤ ምሕረት ግን አልለመነም። ጉዳያችን የሚጠቅመንን መምረጥ ነው፣ ፍርድ ቤት አይደለንም አለ። እጅ የሰጠም ያልሰጠም እኩል የሚሞት ከሆነ ከእንግዲህ የሚያምፅ ከተማ እስከ መጨረሻው ነው የሚዋጋው፤ በየከተማው ከእኛ ጋር የነበረው ተራ ሕዝብም ይሸሸናል አለ። እጅ ሲቆጠር ለጥቂት እሱ አሸነፈ።

ከዚያ ሁለተኛዋ መርከብ ተነሣች። የመጀመሪያዋ አንድ ቀንና ሌሊት ያህል ቀድማታለች። የሚቲሊኒ መልእክተኞች ለቀዛፊዎቹ ወይንና የገብስ ዱቄት አቀረቡ፣ ከደረሱ ብዙ እንደሚሸልሟቸውም ቃል ገቡ። ሰዎቹ ዱቄቱን በወይንና በዘይት እየለወሱ፣ መቅዘፊያውን ሳይለቁ በሉ፤ የተኙትም በየተራ ነው። (እዚህ ላይ "በሶ ነዋ!" የማይል ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም።) የመጀመሪያዋ መርከብ ክፉ ትእዛዝ ይዛ ስለነበር አልቸኮለችም። አዛዡ ደብዳቤውን አንብቦ ሊፈጽም ሲል ሁለተኛዋ ደረሰች።

ክፍሉን ለሁለት እከፍላለሁ። ተናጋሪ የሚወጣው በዕጣ ነው። የአቴንስ የ500 ሰው ምክር ቤትም በዕጣ ስለሚሞላ ዕጣው ራሱ የትምህርቱ አካል ይሆናል። ክርክሩ በአማርኛ ነው፤ ማጠቃለያው በእንግሊዝኛ ይጻፋል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ከሮም የትኛውን ጉዳይ ትመርጣላችሁ? ሁለተኛ፣ እንዲህ ስናስተምር ልጆቹን ለፈተና እየጎዳናቸው ነው ወይ?

---

አራት ነጥብ

መምህር፣ ጉዳዩ ይማርካል። እኔም ታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ሁለተኛው ጥያቄህ ላይ ግን ፊት ለፊት ልንገርህ። ትጎዳቸዋለህ ብዬ እሰጋለሁ።

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም ጠርተህ፣ የቤት ሥራ አይተህ፣ ሰሌዳ ጠርገህ የሚተርፍህን ታውቀዋለህ። ከ60 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል ለሁለት ከፍለህ ስታከራክር የሚናገሩት ስምንት ናቸው፤ የቀሩት ይስቃሉ ወይም የሒሳብ የቤት ሥራ ይሠራሉ። ምዕራፉ ደግሞ ከሜሶፖታሚያ እስከ ቻይና ነው። አንተ ሚቲሊኒ ላይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ስታሳልፍ ሮም በግማሽ ገጽ ታልፋለች።

12ኛ ክፍል የሚመጣው ፈተና ምርጫ ነው። ዓመት ይጠይቃል፣ የሥልጣን ስም ይጠይቃል፣ ማን ከማን በፊት እንደመጣ ይጠይቃል። ዲዮዶቶስን የሚጠይቅ ጥያቄ አይቼ አላውቅም። የድሃ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በዚያ ፈተና ነው። ስም ማስያዝን እንደ ነውር ባናየው ደስ ይለኛል፤ ስም ያልያዘ ልጅ በምን ይከራከራል?

ሌላም አለ። ዕጣ ብታወጣም የሚናገር ልጅ ያው የለመደው ነው። ከኋላ የሚቀመጡት ሴቶች ልጆች ዕጣ ሲደርሳቸው ሁለት ቃል ተናግረው ይቀመጣሉ። ይህን እንዴት ታደርገዋለህ?

---

ጠመኔ

አራት ነጥብ፣ የመጨረሻው ጥያቄህ ትልቁ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት አምስት አምስት ሆነው ይቀመጡና ሁሉም አንድ አንድ ምክንያት በወረቀት ይጽፋል። ዕጣ የሚወጣው ከወረቀቶቹ ነው። ዕጣ የወጣለት ልጅ የሚያነበው የራሱን ጽሑፍ ነውና ባዶ እጁን አይቆምም። ዝም ይሉ የነበሩት ሴቶች ልጆች የሚጽፉት ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። አንዷ የጻፈችውን አልረሳውም፦ "ሁሉን ከገደልን በኋላ ግብር ማን ይከፍለናል?" ዲዮዶቶስም ይህንኑ ብሏል፤ ልጅቷ ግን ንግግሩን ገና አላነበበችም ነበር።

ስለ ስም፦ እኔም ስም አስይዛለሁ። ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የገለበጥኩት። ጉዳዩ ይቀድማል፣ ስሙ ይከተላል። ጉባኤው እጅ አውጥቶ ሲወስን ያየ ልጅ "ክሌይስተኒስ በ508 ቅ.ል.ክ. ሕዝቡን በአሥር ነገድ አደራጀ፣ ከየነገዱ 50 ሰው ወጥቶ ምክር ቤቱ 500 ሆነ" ስትለው የሚሰካበት ቦታ አለው።

---

12ኛ ሐ

እኔ ተማሪ ነኝ፣ በዚህ ዓመት ነው የምፈተነው። መምህራን ስታወሩ ልግባ ይቅርታ።

9ኛ ክፍል እያለን ግሪክና ሮምን በሠንጠረዥ ነበር የያዝነው። አሁን ለፈተና ስከልስ እንደ አዲስ ነው የማነበው። ያልጠፋኝ አንድ ነገር ቢኖር መምህራችን ደብተራችን ጀርባ ላይ ያሠመሩልን የጊዜ መስመር ነው። ላይኛው መስመር ግሪክና ሮም፣ ታችኛው የእኛ። አውግስጦስ ቄሳር በ27 ቅ.ል.ክ. ብቻውን ሲገዛ፣ ቆስጠንጢኖስ ክርስትናን ሲፈቅድ፣ ምዕራብ ሮም እ.ኤ.አ. በ476 ስትወድቅ፤ ከሥሩ አክሱም ምን ላይ እንደነበረች እናያለን። ምዕራብ ሮም ከወደቀች በኋላ አፄ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እንደዘመተ ያወቅሁት ከዚያ ነው። ከዚያ በፊት ሮም በጣም ጥንት፣ አክሱም ከእሷ በኋላ የመጣች ይመስለኝ ነበር።

---

ዘአዱሊስ

የ12ኛ ሐ አስተማሪ እጃቸው ይባረክ! እኔ የምለውም ይኸው ነው።

"ግሪክና ሮም እኛን ምን አገባን?" የሚል ልጅ ሁልጊዜ አለ። መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ አዱሊስ ወደብ ላይ አለ። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ከግብፅ የተነሣ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የቀይ ባሕርን ወደቦች እየዞረ ማስታወሻ ጽፏል። አዱሊስ ላይ ምን እንደሚሸጥ ይዘረዝራል፦ የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊት፣ የአውራሪስ ቀንድ። የሚገባው ደግሞ ጨርቅ፣ ብርጭቆ፣ ናስ፣ ከጣልያን የመጣ ጥቂት ወይን፣ የወይራ ዘይት። አገሩን የሚገዛው ዞስካሌስ የሚባል ሰው መሆኑን፣ ገንዘብ ላይ እጁ ጠበቅ ያለ ግን የግሪክ ፊደል በደንብ የሚያውቅ መሆኑንም ይነግረናል። ከዚህ በላይ ለክፍል የሚሆን ምንባብ ከየት ይመጣል? አንድ አንቀጽ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። "ይህ ሰው ነጋዴ ነው፤ ያየውን ሁሉ ጽፏል? ምን ሊተው ይችላል?" ብሎ መጠየቅ ነው።

ገንዘቡም አለ። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከእንዱቢስ ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲም ሲያወጡ ጽሑፉ ግሪክኛ ነበር። ምክንያቱን ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል፤ ገንዘቡን ባሕር ማዶ ያለ ነጋዴ ማንበብ አለበት። የንጉሥ ዒዛና የቀደሙት ሳንቲሞች ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት አለ፣ የኋለኞቹ ላይ መስቀል። ሁለቱን ሥዕል አጠገብ ላጠገብ አስቀምጡና ዝም በሉ። ልጆቹ ይናገራሉ።

ደብዳቤም አለ። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ጽፎ፣ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ መልሳችሁ ላኩልኝ፣ እምነቱ ይመርመር ብሏል። ጳጳስ አድርጎ የሾመው አትናቴዎስ ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ የአትናቴዎስ ጠላት ነው። ፍሬምናጦስ ማለት አባ ሰላማ ናቸው፤ ልጆቹ ያውቋቸዋል። የዓለምን ትልቁን ሠራዊት የያዘ ሰው ሲጽፍላችሁ አክሱም ላይ ሆናችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ጠመኔ፣ ከሮም ጉዳይ ስትፈልግ ይህን አስብበት።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሆሜር ዜውስ ከኢትዮጵያውያን ጋር 12 ቀን ሊጋበዝ ሄደ ማለቱን፣ ሄሮዶቱስም ስለ ኢትዮጵያውያን ብዙ መጻፉን እየጠቀሱ ክፍሉን ማስጨብጨብ ቀላል ነው። ነገር ግን ሄሮዶቱስ የጻፈው አብዛኛው ከግብፅ በስተደቡብ ስላለው ስለ ኩሽ ምድር ነው። ልጆቻችንን እውነተኛ ኩራት እንስጣቸው፣ የአዱሊሱ በቂ ነው።

---

እመ ሦስት

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 9ኛ ክፍል ነው፤ እስከ 1500 ድረስ ያለውን የዓለም ታሪክ ይማራሉ፣ ግሪክና ሮም ትልቁን ቦታ ይዘዋል።

እዚህ ክርክር ሞልቷል። አቴንስና ስፓርታ እያሉ ልጆቹን ያስከራክራሉ፣ የቤት ሥራውም "የት መኖር ትመርጣለህ?" የሚል ነው። ልጄ አንድ ቀን እራት ላይ "እማዬ፣ ይሄ ጥያቄ ትክክል አይደለም። ሁሉም ልጅ ራሱን ዜጋ አድርጎ ነው የሚመልሰው። እኔ አቴንስ ብወለድ ባሪያ ሆኜ ቢሆንስ?" አለኝ። የምለው ጠፋኝ። ሦስት ልጅ አሳድጌ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልገጠመኝም።

የዘአዱሊስን ጽሑፍ አንብቤለታለሁ፣ ስለ ሳንቲሞቹ ክፍል ውስጥ ሊያቀርብ እየተዘጋጀ ነው። ለባርነቱ ጥያቄ ግን እናንተ መልስ ስጡልኝ። ዲሞክራሲ የአቴንስ ነው ሲሉት፣ ባሪያዎቹስ ሲል፣ ምን ልበለው?

---

ጡረተኛው መምህር

እመ ሦስት፣ ልጅሽ የጠየቀው የምዕራፉን ዋና ጥያቄ ነው። አትሸፋፍኚበት።

ስለ ላውሪዮን ንገሪው። ከአቴንስ በስተደቡብ የብር ማዕድን ነበረ። ጉድጓድ ውስጥ ገብተው የሚቆፍሩት ባሪያዎች ናቸው። በ483 ቅ.ል.ክ. ገደማ ብዙ ብር ተገኘና ለዜጋው እናካፍለው ሲባል ቴሚስቶክልስ ተነሥቶ መርከብ እንሥራበት አለ። መርከቦቹ ተሠሩ። በ480 ሳላሚስ ላይ የፋርስን ባሕር ኃይል የሰበሩት እነሱ ናቸው። አንዷ መርከብ 170 ቀዛፊ ትፈልጋለች፤ ከቀዛፊው ብዙው መሬት የሌለው ድሃ ዜጋ ነው። ከተማዋን ያዳነው እሱ ስለሆነ ከዚያ በኋላ በጉባኤው ላይ ድምፁ ከበደ። እንግዲህ ሰንሰለቱን እዩት። ድሃው ዜጋ ድምፅ ያገኘበት መርከብ የተሠራው ባሪያው ጨለማ ውስጥ ቆፍሮ ባወጣው ብር ነው። ነፃነቱና ባርነቱ አንድ ላይ ነው የመጡት። ለልጅሽ "አቴንስ ዲሞክራሲ ነበረች" ወይም "አልነበረችም" ብለሽ አትዝጊው። ማን ገባ፣ ማን ውጪ ቀረ፣ የገባው የገባው በማን ትከሻ ነው ብሎ እንዲጠይቅ ተይው።

ሴቶቹንም አይርሳ። በ451 ፔሪክልስ ዜጋ የሚሆነው አባቱም እናቱም አቴናውያን የሆኑለት ብቻ ነው የሚል ሕግ አወጣ። እናትነቷ የተቆጠረላት ሴት ግን ጉባኤ አትገባም፣ እጅ አታወጣም። ኋላ ፔሪክልስ ራሱ ከባዕድ አገር ሴት ለወለደው ልጁ ከሕጉ ውጪ እንዲደረግለት ሕዝቡን ለመነ።

አሁን ወደ ጠመኔ። ከሮም ምን ልምረጥ ላልከው፣ እኔ ቲቤሪየስ ግራከስን ነው የምልህ። በሥራ ዘመኔ ሌላ ጉዳይ ክፍሉን እንዲህ አላነቃልኝም።

ነገሩን ታውቀዋለህ፣ ለሌሎች ልንገር። ሮም ካርታጎን ሦስት ጊዜ ወግታ በ146 ቅ.ል.ክ. አጠፋቻት። በጦርነቱ ዘመን ገበሬው ወታደር ሆኖ ዓመታት ሜዳ ላይ ሲቆይ እርሻው ጠፍ ሆነ። ባለጸጋው የመንግሥትን መሬት እየጠቀለለ በባሪያ አሳረሰው። በ133 ቲቤሪየስ ትሪቡን፣ ማለትም የተራው ሕዝብ ተወካይ ሹም፣ ሆኖ ተመረጠና ከመንግሥት መሬት ማንም ከ500 ዩጌራ በላይ አይያዝ፣ ትርፉ ለድሃ ይከፋፈል የሚል ሕግ አቀረበ። 500 ዩጌራ ወደ 125 ሄክታር ነው። ሌላው ትሪቡን ኦክታቪየስ ሕጉን አገደ፤ የማገድ ሥልጣን ነበረው። ቲቤሪየስም ሕዝቡን አስወስኖ ኦክታቪየስን ከሥልጣን አስነሣው። ሕጉ ጸደቀ። እሱ ደግሞ ለሁለተኛ ዓመት ልመረጥ አለ። የሴኔት ሰዎች የተሰበረ ወንበር እግርና ዱላ ይዘው መጡ፤ እሱን ከ300 ከሚበልጡ ተከታዮቹ ጋር ገደሉት። ሬሳቸው ቲቤር ወንዝ ተጣለ።

ኢትዮጵያዊ ልጅ ይህን ሲሰማ ከአያቱ የሰማው አለው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው "መሬት ላራሹ" ብሎ ወጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው ከፍተኛው 10 ሄክታር ነበር። ሁለቱን አንድ ናቸው አትበላቸው፤ አይደሉም። ሮም ውስጥ የተነካው በግለሰብ እጅ የገባው የመንግሥት መሬት ነው፣ በእኛው አዋጅ የገጠር መሬት በጠቅላላ የሕዝብ ሆነ። ልዩነቱን ራሳቸው ያውጡት። ለክርክሩ የምሰጣቸው ጥያቄ ግን ከመሬቱ ይልቅ የሥልጣኑ ነው፦ ዓላማው ትክክል ከሆነ፣ ያገደውን ባለሥልጣን ማስነሣቱ ትክክል ነበር? ሁለቱም ወገን "ሕግ የጣሰው እሱ ነው" የሚልበት ነገር አለው። የሰነፉም የጎበዙም እጅ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን እንዳታደርግ እለምንሃለሁ። አንዳንድ መምህራን የአቴንስን የግዞት ድምፅ በክፍል ያስመስላሉ፤ አቴናውያን በገል ላይ የሰው ስም ጽፈው አንዱን ለአሥር ዓመት ከአገር ያስወጡ ነበር። ልጆች ወረቀት ላይ የጓደኛቸውን ስም ሲጽፉ ጨዋታ አይሆንም። ድምፁ የሚሰበሰበው በድሃው፣ በመጤው፣ በዝምተኛው ላይ ነው። የሞተ ሰው ስም ይስጧቸው።

---

ፍርድ ሸንጎ

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ከሮም አሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች እንዳይዘለሉ አደራ። መጽሐፉ ውስጥ "በ450 ቅ.ል.ክ. የተጻፈ የመጀመሪያ ሕግ" ተብሎ በአንድ መስመር ያልፋል።

ለልጆቹ የዕዳውን አንቀጽ ብቻ አንብቡላቸው። ተፈርዶበት ያልከፈለ ሰው 30 ቀን ይሰጠዋል። ካልከፈለ ባለገንዘቡ ይዞ ያስረዋል፤ የራሱ ስንቅ ከሌለው በየቀኑ አንድ ሊብራ (የሮም የክብደት መለኪያ) እህል ሊሰጠው ይገባል። 60 ቀን ታስሮ በሦስት የገበያ ቀን አደባባይ ይወጣል፣ ዕዳው ስንት እንደሆነ በይፋ ይነገራል። የሚከፍልለት ካልተገኘ ከቲቤር ወንዝ ማዶ ለባርነት ይሸጣል። ጨካኝ ነው። ግን የተጻፈ ነው፣ ቀን አለው፣ ልክ አለው። ከዚያ በፊት ሕጉን የሚያውቁት ፓትሪሺያኖች (ባላባቶቹ) ብቻ ነበሩ። ፕሌቢያኖች (ተራው ሕዝብ) በ494 ከተማዋን ጥለው ተራራ ላይ የወጡትም በዚሁ በዕዳ ነገር ነው፤ ትሪቡን የሚባለው ሹመት የተገኘው ከዚያ አድማ ነው። ሶሎን አቴንስ ላይ ያደረገውን አጠገቡ አስቀምጡት።

የእኛም አገር ቁራኛ ነበረው፤ ባለዕዳውና ባለገንዘቡ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ዳኛ ፊት የሚቀርቡበት። የ9ኛ ክፍል ልጅ ሁለቱን ቢያነጻጽር "ሰውን በዕዳ ማሰር ማንን ይጠቅማል?" የሚለውን ከየትኛውም መጽሐፍ በተሻለ ይረዳዋል።

ከዚህም ሌላ በፍትሐ ነገሥት በኩል የሮም ሕግ እኛ ቤት ገብቷል። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዓረብኛ ያጠናቀረው ግብፃዊው ክርስቲያን ኢብን አል አሳል ነው፤ ስለ ዓለማዊ ነገር የሚናገረው ሁለተኛው ክፍል ብዙውን የወሰደው ከሮምና ከቢዛንታይን ሕግ ነው። አያቶቻችን ስለ ውርስና ስለ ውል ሲሟገቱ ሳያውቁት ከሮም ዳኞች ጋር ሲያወሩ ነበር።

---

12ኛ ሐ

ጋሼ ስለ መሬቱ የጻፉትን ለጓደኞቼ ላክሁት፣ ቡድናችን ውስጥ ክርክር ተነሥቷል። እኔ ማስነሣቱ ትክክል አልነበረም ባይ ነኝ። አንዴ ያገደህን ሹም ካስነሣህ ነገ የሚመጣው ክፉ ሰውም ያንኑ ያደርጋል። ጓደኛዬ ደግሞ "ታዲያ ድሃው እስከ መቼ ይጠብቅ?" ትለኛለች። አልተግባባንም።

---

ዘአዱሊስ

12ኛ ሐ፣ ለጊዜ መስመራችሁ አንድ ልጨምርላችሁ። ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ 6 የምትሆነው ከየት መጣ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከእስክንድር በኋላ ግብፅን ከገዙት ግሪኮች አንዱ ጰጥሎሚ 3ኛ በ238 ቅ.ል.ክ. በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመር ብሎ አሳወጀ፤ አልተያዘለትም። ያጸናው ሮማዊው አውግስጦስ ግብፅን ከያዘ በኋላ ነው። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ቆጠረች፣ እኛም ከእሷ ተቀበልን።

ይኸው ጰጥሎሚ 3ኛ አዱሊስም አሻራ አለው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አፄ ካሌብ ለዘመቻ ሲዘጋጅ፣ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ደርሶ የተጻፈበት ድንጋይ እንዲገለብጥ ታዘዘ። ድንጋዩ ላይ ጰጥሎሚ ለጦርነት ስለሚያሠለጥናቸው የዚህ አገር ዝሆኖች ይናገራል። ካሌብ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የቆየ የግሪክ ጽሑፍ ምን እንደሚል ማወቅ ፈልጎ ነበር ማለት ነው።

---

እመ ሦስት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የላውሪዮንን ነገር ለልጄ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "እንግዲያው ጥያቄውን ቀይሬ ነው የምመልሰው" አለ። የቤት ሥራው ላይ "የት መኖር ትመርጣለህ" የሚለውን "ማን ሆነህ" በሚል ጀምሮ አራት ሰው ጻፈ፦ አቴንስ ያለ ቀዛፊ፣ የማዕድን ባሪያ፣ ስፓርታ ያለች ዜጋ ሴት፣ ለስፓርታ የሚያርስ ሄሎት። የስፓርታ ሴት መሬት መውረስና በአደባባይ ስፖርት መሥራት ስለምትችል ከአቴንሷ ይሻላታል ብሎ ደመደመ። አስተማሪው ክፍል ውስጥ እንዲያነበው ጠይቆታል።

---

አራት ነጥብ

እኔ አሁንም ፈተናውን ነው የማስበው፤ ግን የዚህን ክር ሐሳብ በሁለት ቅድመ ሁኔታ ልሞክረው ነው። አንደኛ፣ ከግሪክ አንድ፣ ከሮም አንድ፤ ከዚያ በላይ አይሆንም። ቀሪው በጊዜ መስመርና በአጭር ማስታወሻ ይሸፈናል። ሁለተኛ፣ ከክርክሩ በኋላ አሥር የምርጫ ጥያቄ በዚያው ሳምንት እሰጣለሁ፣ ስምና ዓመቱ እንዲገባ። የግራከስን እወስዳለሁ፤ ተማሪዎቼ የገበሬ ልጆች ናቸው።

የማርክ ነገር ግን አልገባኝም። ጠመኔ፣ የጻፉትን እንዴት ታርማለህ? ሁሉም "ምሕረት ጥሩ ነው" ብሎ ቢጽፍ ምን ትሰጣለህ?

---

ጠመኔ

ከአሥር አርማለሁ። "ምሕረት ጥሩ ነው" ብቻ ብሎ ለጻፈ ሁለት። ከክሌዎን ንግግር አንድ ምክንያት በትክክል ጠቅሶ ከመለሰለት አምስት ይደርሳል፤ ያልተስማማበትን ሰው ሐሳብ ሳያጣምም ማቅረቡ ለእኔ ዋናው ነው። ሦስቱ ለስም፣ ለቦታና ለዓመት ነው፤ አንተ ያልከውን ፍራቻ እኔም አለኝና። ቀሪው ሁለት መጨረሻ ላይ ለምነግራቸው ነገር ነው። መርከቧ ደርሳ ከተማዋ ከዳነች በኋላ የአመፁ መሪዎች የተባሉ ከአንድ ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ሰዎች በክሌዎን ሐሳብ ተገድለዋል፣ የከተማዋ ግንብ ፈርሷል፣ መሬታቸው ተሸንሽኖ ለአቴናውያን ተሰጥቷል። ጥያቄው "ይህን ካወቅህ በኋላ ዲዮዶቶስ አሸነፈ ትላለህ?" የሚል ነው። አዎም አይም ያለ፣ ምክንያት ካለው ሁለቱንም ያገኛል።

የእንግሊዝኛ ስህተት ላይ ማርክ አልቆርጥም፤ ከሥሩ አስምሬ አስተካክዬ እመልስላቸዋለሁ። የግራከስን ስትሠራ ያዘጋጀሃቸውን የምርጫ ጥያቄዎች እዚሁ ብታስቀምጥልን፣ እኔም የሚቲሊኒን ንግግሮች በቀላል አማርኛ አሳጥሬ በሁለት ገጽ እለጥፋለሁ። ዘአዱሊስ፣ የነጋዴውን አንቀጽና የዒዛናን ሳንቲሞች ሥዕል አንተ ላይ ጥያለሁ።